ከሐጂ ይመር ጋር ያደመጥኩት የበዓል ፕሮግራም

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፤ ቡራዩ፣ ከቤቴ በረንዳ ላይ። ቀንና ሰዓት የማስቀድመው ከልማድ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሰዓት ያልተጻፈበትን ማስታወሻ ለጸሐፊው እመልስ ነበር። ትናንት ሰበታ ውስጥ፣ በጅማ መንገድ ዳር ባለ አንድ ካፌ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያላየሁትን ሰው አገኘሁ። ሙስጠፋ ይመር ይባላል። በወጣትነታችን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን የኖርን ጓደኛዬ ነው። በእኔ ምክንያት ከአባቱ ጋር ሳይታረቅ የቀረውም እርሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር እስከ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድረስ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያገናኘን ገመቹ ነው። ገመቹ የሁለታችንም ጓደኛ፣ በአስተማሪነት ከሰበታ ተፍኪ፣ ከተፍኪ ሰበታ ሲመላለስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጉልበቱ ቢደክምም አንደበቱ ያልደከመ ሰው ነው። ባለፈው ረቡዕ ስልክ ደውሎ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርታ፣ አራሚው!» አለኝ። አራሚው የወጣትነት ስሜ ነው፤ ሰው ሲናገር እየሰማሁ ማቃናት ስለማልተው እነርሱ ያወጡልኝ። «ቅዳሜ ሰበታ ና። ሰው አገናኝሃለሁ።» «ማንን?» ብለው «ከነገርኩህማ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ዘጋው። ዓለም ገና ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ ሄጄ ካፌው ስገባ፣ ገመቹ አጠገብ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ፣ በከዘራ የተደገፈ ሽማግሌ ተቀምጦ አየሁ። ማንነቱን ያወቅሁት ሲስቅ ነው። «እየው ደግሞ! ኮቱን አሁንም እስከ ላይ ይቆልፈዋል!» አለ። ተቃቀፍን። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ስትለኝ ሙስጠፋ ቀደመኝ፦ «ለሱ ሻይ፣ ስኳሩ ለብቻ። ማንኪያውን አገላብጦ ካላየው ደግሞ ሒሳቡ በእኔ።» ልጅቱ ሳቀች። እኔ ግን ማንኪያውን አገላብጬ አየሁት፤ ያየሁትም ሳላስበው ነው።

ከራሳችን በላይ ግድግዳው ላይ የበር ስፋት ያለው ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ወጣቶች ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው የባሕር ማዶ ኳስ ያያሉ። ሙስጠፋ ቀና ብሎ አየውና «የአባዬ ቴሌቪዥን ትዝ ይላችኋል?» አለ። ገመቹ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፦ «እንዴት ይረሳኛል? ይህን ጉልበት የበላው እሱ አይደለም እንዴ! አንቴና አዙር እየተባለ ጣሪያ ላይ ስንት ጊዜ ወጣሁ?»

ትዝ የማይለው ማን ነው! ሐጂ ይመር ከወሎ መጥተው ሰበታ ላይ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። አቡጀዲ፣ ክር፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ደብተር፣ ላምባ፤ ሁሉም በየመደርደሪያው እንደ ወታደር ተሰልፎ ይታይ ነበር። እኔ ሥርዓትን የምወድ ሰው ስለሆንኩ ያንን ሱቅ ማየት ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለው ሳሎናቸው ውስጥ፣ በአካባቢያችን የመጀመሪያው ነው ሲባል የሰማሁት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ የእንጨት ሳጥን አለው፣ ሳጥኑ በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው፣ በላዩ ላይ እናትየው እማማ ዘይነብ የሠሩት ዳንቴል ተነጥፏል። እሑድ ወደ ማታ እንሰበሰባለን። ጫማ ደጅ ይቀራል። «ገመቹ፣ ካልሲህንም እዚያው ተወው፤ ግዴለህም፣ የሚሰርቀው የለም» ይሉ ነበር ሐጂ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ከዚያ ቁልፉን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ሳጥኑን ይከፍታሉ። ምስሉ በረዶ ሲሆን ገመቹ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ከታች «ትንሽ! ትንሽ! አለፈ! መልሰው!» ይባላል። ዘፋኟ ብቅ ስትል ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ገመቹ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ላይ ቆሞ ብረቱን ይይዛል፤ ሲለቀው ምስሉ ስለሚጠፋ፣ ያንን ሁሉ ዘፈን በጆሮው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሱሪያችን ከጉልበቱ በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማችንን ይሸፍነው ነበር። የሸሚዛችን ኮሌታ ትከሻችን ላይ ይደርሳል፤ የጸጉር ማበጠሪያ ከኋላ ኪሳችን አይጠፋም። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ገብቼ ነበር፤ ሥራዬ የሌሎችን ሪፖርት ማረም ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ሻይ የምንጠጣበትን ዋጋ ያኔ ቢነግሩን የቤት ዋጋ ይመስለን ነበር። ከሰበታ መርካቶ የሚወስደው አውቶቡስ በመስኮቱ አቧራ እያስገባ፣ ሾፌሩ ከፊት የሰቀላት ትንሽ ራዲዮ እየዘፈነች፣ ተሳፋሪው ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ እየተቀበላት ይሄዳል። ወር በደረሰ ቁጥር ደግሞ ሦስታችን ሱሉልታ እንወጣ ነበር። ዛሬ አጥርና ግንብ የሞላው ያ ሜዳ ያኔ እስከ ዓይን መጨረሻ ሣር ነበር። አንድ ቤት ወተት በጣሳ እንገዛና ሣሩ ላይ ተዘርግተን ሙስጠፋ አኮርዲዮኑን ይከፍታል። ያን መሣሪያ የገዛው የአባቱን ሱቅ እየጠበቀ ባጠራቀማት ገንዘብ ነው። ከማንም ሳይማር፣ ከራዲዮ እየሰማ ጣቶቹን አለማመደ። ላሞቹ ሣር መጋጥ ትተው ቀና ይላሉ። «እየው፣ አድናቂዎችህ መጡ» ይላል ገመቹ። እኔ ደግሞ ምቱን ዘልለሃል፣ ቅኝቱን ስተሃል እያልኩ አርመዋለሁ፤ ስለ ሙዚቃ የማውቀው አንዳች ነገር ሳይኖር።

ሐጂ ይመር ዘፈን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ሱቃቸው ውስጥ ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ይናገር ነበር። የጠሉት ልጃቸው የዘፋኝ አጃቢ ሆኖ መቅረቱን ነው። ሙስጠፋ ከአንድ የሠርግ ባንድ ጋር መዞር ሲጀምር፣ እኔው ባለሁበት፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠሩት። «ሱቅ አለህ፣ ስም አለህ። ይህን ሳጥን ደረትህ ላይ አንጠልጥለህ በየሰው ሠርግ ልትዞር ነው?» አሉት። «አባዬ፣ ሥራ እኮ ነው» አለ። «እንግዲያው ከሥራህ ጋር ሂድ። እርሱን ይዘህ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።» ሙስጠፋ አኮርዲዮኑን አንሥቶ ወጣ። እዚያው ምሽት ቡራዩ እኔ የተከራየሁት ክፍል መጣ፤ ፍራሹን ከእኔ አልጋ ሥር አነጠፈ። አምስት ወር ያህል አብረን ኖርን። አባቱን አያነሣም። ገመቹ ከሰበታ ሲመጣ ግን «ሱቁ ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ስለ ዕቃው እንደሚጠይቅ ሁሉ።

በዚያ ዘመን በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ለራዲዮ ይጽፍ ነበር። ከእገሌ ለእገሌ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ከዚያ አንድ ዘፈን። ስልክ ያለው ጥቂት ነው፤ የተራራቀ የሚገናኘው፣ የተኮራረፈም ብዙ ጊዜ የሚታረቀው በዚያ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብደውን ነገር የራዲዮው ሰው በተረጋጋ ድምፅ ያነበዋል፤ አገር ይሰማዋል፤ የተጠራው ሰው ዝም ለማለት ያፍራል። ደብዳቤው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ለኢድ አንድ ወር ሲቀረው ሙስጠፋ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው፣ ፖስታ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ ነው፣ እርሱ ደግሞ ከባንዱ ጋር ወደ ደቡብ ሊሄድ ነው። የጻፈው ይህን ብቻ ነበር፦ «አባዬ፣ ኢድ ሙባረክ። ቤት ናፍቆኛል። ብትጠሩኝ እመጣለሁ።» «በደህና ጽፈህ ላክልኝ» አለኝና ሄደ።

አነሰብኝ። ለአንድ አባት፣ ያውም አገር በሚሰማው ፕሮግራም፣ እንዲህ ያለ ባዶ ነገር መላክ የእኔንም ስም የሚያሳንስ መሰለኝ፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነውና። ማስፋፋት ጀመርኩ። ስለ አባትነት ክብር አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ስለ ጸጸት ሌላ ጨመርኩ። አነበብኩት፣ አልጣመኝም፣ ቀደድኩት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጀመርኩ። መሥሪያ ቤት ሪፖርት በዛ፣ ደብዳቤው በመሳቢያ ውስጥ ቆየ፣ ሳወጣው ደግሞ ያው ሌላ የሚቃና ነገር አገኘሁ። አንድ ቀን ቀን መቁጠሪያውን ሳይ የመላኪያው ጊዜ አምስት ቀን አልፎታል። ለአምስት ቀን የዘገየ ነገር ዋጋ የለውም ብዬ መሳቢያውን ዘጋሁት። ሰውን ለአምስት ደቂቃ መዘግየት የምቆጣ ሰው ነበርኩ።

ኢድ ዕለት ሐጂ ይመር ጠሩኝ። ልጃቸው ከቤት ቢወጣም እኔን መጥራት አልተውም ነበር፤ ስለ እርሱ የሚሰሙት በእኔ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል። ለእኔ ሲሉ ዶሮ በክርስቲያን ጎረቤት እጅ አሳርደው፣ በተለየ ድስት አሠርተው ጠበቁኝ። ራዲዮው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከሱቁ ወደ ግቢው ወጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገብቶለታል። የድንጋዮቹ ባዶ ካርቶን እዚያው አጠገቡ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀምር ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዙና አጠገቤ ተቀመጡ።

ከደሴ። ከሐረር። ከጅማ። ከአሰላ። ስም በስም ላይ ይነበባል፣ ዘፈን ይቀጥላል። እማማ ዘይነብ ከማድ ቤት ብቅ ብለው «ሰበታ አለ እንዴ አሁን?» አሉ። «ዝም በይ፣ ልስማበት» አሉ ሐጂ። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ዞረው «ቡራዩ ብሎ ነው አይደል የሚጀምረው? አድራሻችሁ ቡራዩ ነው» አሉ። አልተነገራቸውም፤ ማንም ምንም አላላቸውም። የሰው ልጅ ሁሉ ሲጽፍ ልጃቸው እንደማይቀር በራሳቸው ገምተው ነው የጠበቁት። «ቡራዩ የሚል ይሆናል» አልኳቸው። ያን ጊዜ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አውቃቸው ነበር። ራዲዮ አያስፈልግም፣ ፖስታ አያስፈልግም፤ ፊታቸውን አይቼ «ልጅዎ ብትጠሩኝ እመጣለሁ ብሏል» ብል እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ብናገር «ለምን አልተነበበም?» ይሉኛል፤ «አዘግይቼው» ማለት አለብኝ። ያችን አንዲት ቃል ፈርቼ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፣ ዜና ጀመረ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት። «የሰው ልጅ ሁሉ አባቱን ጠራ» አሉ። ከዚያ ቁልፉን ለእማማ ዘይነብ ሰጥተው «ሳጥኑን ክፈቺላቸው፤ የበዓል ፕሮግራም ይኖራል» አሉና ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ። እኔና ጎረቤቶቹ ቴሌቪዥን ስናይ እርሳቸው አልገቡም።

ሙስጠፋ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ዕቃውን ሳያወርድ «ተነበበ?» አለኝ። «ተነበበ» አልኩት። «አባዬ ሰሙ?» «ራዲዮው አጠገብ ነበሩ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።» «ምን አሉ?» «ምንም አላሉኝም።» በየቀኑ ሐረግ በሐረግ የማርም ሰው ስለሆንኩ ያንን ንግግር ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። የመጀመሪያዋ ቃል ሐሰት ናት፤ የቀሩት ሁሉ ልክ ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህም ነው ያመነኝ። ሁለት ወር ጠበቀ። ገመቹ በመጣ ቁጥር ዓይን ዓይኑን ያያል፤ ገመቹ ደግሞ ምን እንደሚጠበቅበት አያውቅም። ከዚያ አንድ ጠዋት ፍራሹን ጠቀለለ። «ሰምተው ዝም ካሉኝ በቃ» አለ። ድሬዳዋ ሄደ፣ እዚያው አገባ፣ አኮርዲዮኑን ሲያረጅ ትቶ ሱቅ ከፈተ።

ሌላም ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ለሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ጨርቁን በሜትር እየለኩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያ ልጅ ይጽፍልሃል?» አሉኝ። «አልፎ አልፎ» አልኩ። «ብጠራው ይመጣ ይሆን?» አሉ። እኔ መልሱ በእጅ ጽሑፍ የተሰጠኝ ሰው «ይመጣ ይሆናል፣ ሐጂ» አልኩ። ጨርቁን ቆረጡ፣ አጠፉ፣ በጋዜጣ ጠቀለሉ። «በይሆናል ሰው አይጠራም» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሙስጠፋ መርዶውን የሰማው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ትናንት ካፌው ውስጥ ይህ ሁሉ በውስጤ ሲያልፍ እነርሱ እየሳቁ ነበር። ሙስጠፋ አሁን ሱሉልታ ልጁ ቤት እንደሚኖር፣ ሜዳውን ፈልጎ እንዳጣው አወራ። ከዚያ ገመቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለካ የጠራኝ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። «ዘሀራ ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት፤ አንተ ንገረው» አለኝ። ዘሀራ የሙስጠፋ ታናሽ እህት ናት፤ የአባቷን ቤት ይዛ እዚያው ሰበታ ትኖራለች። ሐሙስ ለወላጆቻቸው ዱዓ ታስደርጋለች፤ ወንድሟ እንዲገኝ ለምና እምቢ ብሏታል። ያንን ደጃፍ ከወጣ ጀምሮ ረግጦት አያውቅም።

«አልሄድም» አለ ሙስጠፋ። «እንደ ልጅ አትዩኝ። እኔ በራዲዮ፣ አገር እየሰማ፣ ብትጠሩኝ እመጣለሁ ብዬአለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ሰምተው ነው ዝም ያሉኝ። አልተጠራሁም፣ አልገባም። ጠይቀው፤ እሱ አጠገባቸው ነበር።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሻዬን አስቀመጥኩ። «ሙስጠፋ፣ በዚያን ወቅት በመሥሪያ ቤቴ ከነበረው የሥራ መደራረብ የተነሣ፣ አንተ የሰጠኸኝን ጽሑፍ በተገቢው መልክ ለማዘጋጀት ስጥር...»

«አታሳምረው» አለኝ። «ምንድነው?»

«ደብዳቤውን አልላክሁትም። አልተነበበም። አባትህ አልሰሙም።»

ወጣቶቹ በዚያች ቅጽበት ጎል ገብቶላቸው ብድግ ብለው ጮኹ፤ ገመቹ የተናገረውን የሰማሁት ከንፈሩን አይቼ ነው፤ «ያ ዋቃ!» አለ፤ አምላኬ ሆይ ማለቱ ነው።

«ለምን?» አለ ሙስጠፋ ጩኸቱ ሲበርድ።

«አነሰብኝ። ላሳድገው ስል ቀኑ አለፈ።»

«አነሰብህ» አለ። «እኔ እኮ የምለው ያው ብቻ ነበር።»

«እኔንም ዋሸኸኝ» አለ ገመቹ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሐጂን በሆዴ ስወቅስ ኖርኩ። ጨካኝ እያልኩ።»

ሙስጠፋ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። «በዓሉ ዕለት ምን ሆኑ? ያየኸውን ንገረኝ። የአንተን ተወው፣ የእሳቸውን።» ነገርኩት። ራዲዮው ግቢ መውጣቱን፣ አዲሱን የባትሪ ድንጋይ፣ እናቱን ዝም ማሰኘታቸውን፣ አድራሻውን መጠየቃቸውን፣ ሲያልቅ ያሉትን። «ምን አሉ? ድገመው» አለኝ። «የሰው ልጅ ሁሉ አባቱን ጠራ» ብዬ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ አስደገመኝ። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለኩ የጠየቁኝንም ነገርኩት። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «ገመቹ፣ ባጃጅ ጥራልኝ» አለ። ገመቹ ከወጣ በኋላ ቆሞ ቁልቁል አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ሐሙስ እኔ ልሂድም ልቅርም፣ አንተ እዚያ ቤት እንዳትመጣ» አለኝ። ባጃጁ መጣ፣ ሁለቱም ገቡ፣ ወደ የት እንደታጠፈ አላየሁም፤ አንድ የጭነት መኪና ከልሎኝ ነበር።

ሙስጠፋ ሐሙስ እህቱ ቤት ይገባ አይገባ አላውቅም። ለገመቹ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውዬለት አላነሣም። ለጠየቅሁት ይቅርታ መልስ አልተሰጠኝም።